ትምህርት አሥራ አንድ፦ ለክፍል የሚበጅ የቪዲዮ ትምህርት መምረጥና ስለ እርሱ ዘገባ መጻፍ

ሀ. ምንባብ

ተማሪዎች! ባለፈው ትምህርት ስለ መጽሐፍ ግምገማ አጻጻፍ ተምራችኋል። መጽሐፍን ለመገምገም አስቀድሞ በጥሞና ማንበብ፣ ደራሲው ያለውን ከራስ አስተያየት ለይቶ ማስፈር፣ ከዚያም ፍርድን ከነምክንያቱ መግለጽ እንደሚያስፈልግ አይታችኋል። አሁን የምንመለከተው ጉዳይ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ የሚገመገመው ነገር መጽሐፍ ሳይሆን በኢንተርኔት የሚገኝ የቪዲዮ ትምህርት መሆኑ ነው።

አንዳንድ የሳይንስ ወይም የታሪክ መምህር ተማሪዎቹን በቡድን ከፍሎ፣ «ስለዚህ ርእስ የሚያስረዳ ቪዲዮ ፈልጋችሁ ለክፍል ጓደኞቻችሁ አሳዩ» ብሎ ያዛል። ትእዛዙ ቀላል ይመስላል። የእጅ ስልክ አውጥቶ በዩቲዩብ የርእሱን ስም መጻፍ፣ ከሚመጡትም መካከል አንዱን መርጦ ማቅረብ ነው። ይሁን እንጂ ስልሳ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል አንድን ቪዲዮ ማሳየት፣ ለዚያች ሰዓት መምህር ሆኖ መቆም ማለት ነው። ቪዲዮው ስሕተት ካለበት ስሕተቱን ያስተማረው ባለ ቻናሉ ብቻ አይደለም፤ መርጦ ያመጣውም ጭምር ነው።

ይህን የምለው በራሴ ላይ ስለ ደረሰ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ ስለ ወቅቶች መፈራረቅ ገላጭ ድርሰት እንዲጽፉ አዘዝሁ። ሐሳብ እንዲያገኙ ብዬም አንድ የስምንት ደቂቃ ቪዲዮ አመጣሁላቸው። ሥዕሉ ያማረ፣ ድምፁ የጠራ፣ ሙዚቃውም ለጆሮ የሚጥም ነበር። ተናጋሪው በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ እኔም በመካከሉ እያቆምሁ ወደ አማርኛ እመልስ ነበር። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር ወደ ፀሐይ የቀረበች ጊዜ በጋ፣ የራቀች ጊዜ ደግሞ ክረምት ይሆናል፤ በጋውም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይቆያል ብዬ አስረዳሁ። ተማሪዎቹም ይህንኑ ጻፉ። ሥራው ስለ ተቃናልኝ ደስ ብሎኝ ቆሜ ሳለሁ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ በጋ ሐምሌ ላይ ከሆነ እኛ ዘንድ ሐምሌ ላይ የሚዘንበው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ክፍሉ ሣቀ። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። «ሌላ ጊዜ እናየዋለን» ብዬ አለፍሁ። ይህች ዐረፍተ ነገር የመምህራን መሸሸጊያ መሆኗን እናንተም ሳታውቁ አትቀሩም።

በዚያ ዕለት ከተነገረው ውስጥ ስሕተቱ ሁለት ነበር። አንደኛው የባለ ቻናሉ፣ ሁለተኛው የእኔ ነው።

የባለ ቻናሉን ስሕተት ያስረዳኝ የጂኦግራፊ መምህር የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በጣም የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ገደማ ነው፤ ርቀቱም 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። እንግዲህ ሙቀቱ ከቅርበት የሚመጣ ቢሆን ኖሮ አውሮፓ በታኅሣሥ መጨረሻ በሞቀች፣ በሰኔ መጨረሻም በበረደች ነበር። የሚታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ደግሞም አውሮፓ በምትሞቅበት ወር አውስትራሊያ ትቀዘቅዛለች፤ ሁለቱም ያሉት በአንዲት ምድር ላይ ስለሆነ ለአንዱ ቀርቦ ከሌላው መራቅ ይህን ሊያስከትል አይችልም። እውነተኛው ምክንያት የምድር ዘንግ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ያዘነበለ መሆኑ ነው። በዚህ ዝንባሌ የተነሣ በዓመቱ እኩሌታ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ፣ በቀረው እኩሌታ የደቡቡ ንፍቀ ክበብ የፀሐይን ብርሃን ይበልጥ ቀጥ ብሎና ለረዥም ሰዓት ይቀበላል።

የእኔ ስሕተት የትርጉም ነበር። እንግሊዞች «ሰመር» የሚሉትን ቃል ሳላመነታ «በጋ» ብዬ መለስሁት። በባሕረ ሐሳብ አከፋፈል መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይቆያል። የአውሮፓ ሰመር ከወራቱ አንጻር የሚገጥመው ከእኛ ክረምት ጋር ነው። ከጠባዩ አንጻር ግን ከአንዱም ጋር አይገጥምም። በለንደን የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው ከስምንት ሰዓት በላይ ነው፤ በአዲስ አበባ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። አገራችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በግምት ከ3ኛው እስከ 15ኛው ዲግሪ ባለው ቦታ ላይ ስለምትገኝ፣ ወቅቶቻችንን የሚለያያቸው ከሙቀት ይልቅ ዝናብ ነው። ስለዚህ ተማሪዋ የጠየቀችው ጥያቄ ክፍሉን ቢያሥቅም፣ በዚያ ክፍለ ጊዜ ከተነገረው ሁሉ ትክክለኛው ነገር እርሱ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ የጂኦግራፊውን መምህር ይዤ ገባሁና ትምህርቱን አቃናን። ብዙዎች የጻፉትን ሰረዙ። በወሰነ ትምህርቱ ፈተና ግን፣ «ምድር ለፀሐይ ስትቀርብ በጋ ይሆናል» ብለው የጻፉ አሁንም አልታጡም። ያማረ ሥዕል ከልብ ቶሎ አይፋቅም።

ይህን ሁሉ መናገሬ ከቪዲዮ ትምህርት እንድትሸሹ አይደለም። በአገራችን በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» እየተባለ የሚጠራው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ተጀምሮ ነበር። ትምህርቱ የሚዘጋጀው በደቡብ አፍሪካ፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነበር። ሥርጭቱ ለአገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ስለሚተላለፍ መምህሩ ሊያቆመው አይችልም፤ ያልገባው ተማሪ ቢኖር እንኳ ተናጋሪው ጥሎት ይሄዳል። በዚያ ዘመን የተማሩ ታላላቆቻችሁን ጠይቋቸው። የሚያስገርመው በዚያው በ1997 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ 15 ቀን፣ ጃዌድ ካሪም የተባለ ከዩቲዩብ መሥራቾች አንዱ በአሜሪካ በሳን ዲዬጎ የአራዊት መጠበቂያ ከዝሆኖች ፊት ቆሞ የተቀረጸባት የ19 ሴኮንድ ቪዲዮ በዩቲዩብ የመጀመሪያዋ ሆና ወጣች። ከዚያ ወዲህ የመጣው ቪዲዮ ከፕላዝማው የሚሻልበት ዋናው ነገር መቆም፣ ወደ ኋላ መመለስና መደገም መቻሉ ነው።

የካን አካዳሚ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሳልማን ካን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2004 ናድያ የምትባል የአጎቱን ልጅ በስልክና በኮምፒዩተር አማካይነት ሒሳብ ያስጠናት ጀመር። ሌሎች ዘመዶቹም ሲጨመሩ እ.ኤ.አ. በ2006 ትምህርቱን እየቀረጸ በዩቲዩብ ላይ አወጣው። በቪዲዮዎቹ ውስጥ ፊቱ አይታይም፤ ድምፁና በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ጽሑፍ ብቻ ናቸው ያሉት። ዘመዶቹ ከራሱ ይልቅ ቪዲዮውን እንደሚመርጡ የነገሩት መሆኑን በኋላ በአደባባይ ተናግሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ ቢያስደግሙት አይሰለችም፣ እነርሱም አያፍሩም።

እንግዲህ ፍለጋውን እንዴት እናድርገው? አስቀድሞ የምትፈልጉትን በጥያቄ መልክ ጻፉ። «ወቅቶች» ብሎ ብቻ የሚፈልግ ሰው ዘፈኑም ድራማውም ይመጣበታል። «ወቅቶች ለምን ይፈራረቃሉ፣ ጂኦግራፊ፣ ዘጠነኛ ክፍል» ብሎ የሚፈልግ ግን ወደ ጉዳዩ ይቀርባል። ሁለተኛ ደረጃ የምትማሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ በመማሪያ መጽሐፋችሁ ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንዳለ ወስዳችሁ ብትፈልጉ ብዙ ታገኛላችሁ። በአማርኛ የተዘጋጀ ሲገኝ ግን አትለፉት። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተጀመረው፣ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ያዘጋጀችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘ የሕፃናት ዝግጅት በአገሩ ልጆች ቋንቋና ኑሮ ላይ የቆመ ነው። ዝግጅቱ ለታናናሾቻችሁ እንጂ ለእናንተ ዕድሜ አይደለም፤ ዳሩ ግን እኔን የገጠመኝ ዓይነት የትርጉም መሰናክል በእንዲህ ያለው ሥራ ውስጥ አያጋጥምም።

ፍለጋው ሲያልቅ ከላይ የሚወጣው ቪዲዮ ከሁሉ የበለጠ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሰዎች አንድን ቪዲዮ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያዩት ቆጥሮ፣ ረዘም ላለ ጊዜ የሚታየውን ወደ ላይ ከፍ ማድረግ ጀመረ። ሰው ደግሞ የሚያዝናናውን ነገር ረዘም ላለ ጊዜ ያያል። የተመልካች ቁጥር የገበያ ምስክር እንጂ የእውነት ምስክር አይደለም። ከቻናሉ ስም አጠገብ የምትታየው የማረጋገጫ ምልክትም የምትናገረው ባለ ቻናሉ እኔ ነኝ ያለው ሰው ወይም ድርጅት መሆኑን ብቻ ነው፤ የሚናገረው ትክክል ስለ መሆኑ ምንም አትልም። ቀድሞ ቪዲዮውን ያልወደዱ ሰዎች ቁጥር ይታይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2021 ወዲህ ግን እርሱም ለተመልካች አይታይም።

ታዲያ በምን እንመዝን? እኔ ከሁሉ አብልጬ የማምነው አንድ ዘዴ አለ። የማታውቁትን ርእስ ከመማራችሁ በፊት፣ በዚያው ቻናል የምታውቁትን ርእስ ፈልጉ። ቻናሉ ስለ አፍሪካ ታሪክ የሚያስተምር ከሆነ ስለ ዐድዋ ጦርነት የሚለውን ስሙ። ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መደረጉን ታውቃላችሁ። ተናጋሪው 1896 ቢል አትደንግጡ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ትክክል ነው። የውጊያውን ስፍራ፣ የጦር መሪዎቹን ስም፣ ከድሉ በኋላ የሆነውን ቢያዛባ ግን፣ በማታውቁትም ርእስ ላይ እንዲሁ ሊያደርግ እንደሚችል ገምቱ። ከዚህ በተጨማሪ ወደ ቻናሉ ገብታችሁ አደራደሩን ተመልከቱ። ትምህርቱን በምዕራፍ በምዕራፍ አከታትሎ ያስቀመጠ ሰው ብዙውን ጊዜ ማስተማርን ያውቃል። ከቪዲዮው በታች ባለው መግለጫ ላይም ከየት እንዳገኘው የጻፈና የራሱን ስሕተት ያረመ ቢሆን ይበልጥ እመኑት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ይህ ብዙዎችን ሳያስገርም አይቀርም። በኋላ ቬሪታሲየም የተባለውን የሳይንስ ቻናል የመሠረተው ዴሬክ ሙለር፣ በአውስትራሊያ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ዲግሪው ያጠናው የፊዚክስ ትምህርትን በቪዲዮ ስለ ማስተማር ነበር። ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ2008 ሲያጠናቅቅ ያገኘው ውጤት የሚከተለው ነው። ጥርት ያለና አጭር ማብራሪያ ያዩ ተማሪዎች «ግልጽ ነው፣ ገብቶናል» አሉ፤ ሲፈተኑ ግን ከቀድሞው እምብዛም አልተሻሻሉም። በራሳቸው ይበልጥ መተማመናቸው ብቻ ጨመረ። ተማሪ ዘወትር የሚሳሳተውን ስሕተት አስቀድሞ አንሥቶ የሚከራከር ቪዲዮ ያዩት ደግሞ አድካሚ እንደሆነባቸው ተናገሩ፤ ውጤታቸው ግን ከፍ አለ። እንግዲህ ከሁለት ቪዲዮዎች አንዱን ለመምረጥ ስትቸገሩ፣ «ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ነገር ግን . . .» ብሎ የሚጀምረውን አስቀድሙ። እኔም የዚያን ጊዜ ይህን ባውቅ ኖሮ ያን የስምንት ደቂቃ ቪዲዮ ባላመጣሁ ነበር።

ስለ ወጪ አጭር ቃል፦ ቪዲዮውን በክፍል ውስጥ በቀጥታ ከኢንተርኔት ለማሳየት አትሞክሩ። ኔትዎርክ ይቋረጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ የስልክ ሒሳብም ያልቃል። አስቀድማችሁ በስልክ ላይ አስቀምጡት። የምሥሉን ጥራት ከ720 ወደ 360 ብትቀንሱ ብዙ ሒሳብ ይተርፋችኋል፤ ወደ 144 ብታወርዱት ግን በሰሌዳ ላይ የተጻፈው ስለማይነበብ ድካማችሁ ከንቱ ይሆናል።

ለ. ሰዋስው፦ የሌላውን ቃል ከራስ ቃል መለየት

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. ወቅቶች የሚፈራረቁት በምድር ዘንግ መዘንበል ምክንያት ነው።
2. ተናጋሪው፣ «ወቅቶች የሚፈራረቁት ምድር ለፀሐይ ስለምትቀርብና ስለምትርቅ ነው» ይላል።
3. ተናጋሪው ወቅቶች የሚፈራረቁት ምድር ለፀሐይ ስለምትቀርብና ስለምትርቅ እንደሆነ ይናገራል።
4. ተናጋሪው ወቅቶች የሚፈራረቁት ምድር ለፀሐይ ስለምትቀርብና ስለምትርቅ መሆኑን አስረዳ።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የሚናገረው ጸሐፊው ራሱ ነው፤ ስለ እውነቱም የሚጠየቀው እርሱ ነው። በሁለተኛው የተናጋሪው ቃል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ስለገባ ኃላፊነቱ በተናጋሪው ላይ ይቀራል። ሦስተኛውም በተዘዋዋሪ መንገድ ይህንኑ ያደርጋል፤ «እንደሆነ ይናገራል» ማለት «እርሱ እንዲህ አለ፣ እኔ ገና አላረጋገጥሁም» እንደ ማለት ነው። አራተኛው ግን አደገኛ ነው። «መሆኑን አስረዳ»፣ «መሆኑን አረጋገጠ» የሚሉት አነጋገሮች ጸሐፊው ነገሩን እውነት ብሎ የተቀበለ ያስመስላሉ። ስለዚህ «መሆኑን» የሚለውን ቃል ያረጋገጣችሁት ነገር ላይ ብቻ ተጠቀሙበት።

«ይባላል» እና «ተብሏል» የሚሉት ግሦችም ጥንቃቄ ይሻሉ። በተገብሮ የተነገሩ በመሆናቸው ባለቤቱን ደብቀው ነገሩን ብቻ ያወጣሉ። በተረት ጊዜ ያስጌጣሉ፤ በዘገባ ውስጥ ግን አንባቢ «ማን አለ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ ያጣል።

ሐ. ድርሰት፦ የቪዲዮ ዘገባ

አንድ ቡድን ያቀረበውን ይህን ዘገባ አንብቡ።

«ያየነው ቪዲዮ በጣም ጥሩ ነው። ሥዕሉ ያምራል። ብዙ ሰው አይቶታል። ብዙ ትምህርት ሰጥቶናል። ሁሉም ሰው ቢያየው መልካም ነው።»

ይህ ዘገባ ስለ ሠርግ ቪዲዮም ቢባል ያስኬዳል። ስለ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳለ፣ ትክክል መሆኑ በምን እንደታወቀ አይናገርም። ከዚህ ጋር ቀጥሎ ያለውን አስተያዩ።

«ይህ የ11 ደቂቃ ቪዲዮ ስለ ወቅቶች መፈራረቅ በእንግሊዝኛ የሚያስረዳ ነው። ተናጋሪዋ ብዙ ሰው የወቅቶች ምክንያት የምድር ለፀሐይ መቅረብና መራቅ እንደሚመስለው ከተናገረች በኋላ፣ ይህ ስሕተት መሆኑን በመብራትና በብርቱካን ታሳያለች። የምድር ዘንግ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል እንዳዘነበለ ትናገራለች፤ ከጂኦግራፊ መጽሐፋችን ጋር አስተያይተን አንድ ሆኖ አግኝተነዋል። ቪዲዮው ስለ አውሮፓና ስለ አሜሪካ እንጂ በምድር ወገብ አቅራቢያ ስላሉ አገሮች ምንም አይልም። በመጨረሻው ደቂቃ ስለ ወደፊቱ የአየር ጠባይ የተባለውን ልናረጋግጥ ስላልቻልን አናሳየውም። ስለዚህ ከ2ኛው እስከ 8ኛው ደቂቃ ያለውን ብቻ አሳይተን፣ ‹ሰመር› የሚለውን ቃል ‹የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ሞቃት ወቅት› ብለን እንመልሳለን። የእኛን ክረምት በተመለከተ ግን ዝናብ አዘል ነፋስ ከየት እንደሚመጣ በካርታ እናስረዳለን።»

ሁለተኛው ዘገባ ቪዲዮውን ከማመስገን ይልቅ የት እንደሚጠቅምና የት እንደሚጎድል ይናገራል። ጸሐፊዎቹ ያላረጋገጡትን አላረጋገጥንም ማለታቸው ዘገባውን አላሳነሰውም፤ እንዲያውም የቀረውን እንድናምን አድርጎናል። «እንዳዘነበለ ትናገራለች» ካሉ በኋላ ወዲያው ማረጋገጫውን ማስከተላቸውንም ልብ በሉ።

መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ የሚገኙትን «መሸሸጊያ»፣ «ሳላመነታ»፣ «አቃናን»፣ «አይፋቅም» የሚሉትን ቃላት በአገባባቸው መሠረት ፍቱ። ከዚያም በእያንዳንዳቸው አንዳንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

2. የተማሪዋ ጥያቄ በዚያ ክፍለ ጊዜ ከተነገረው ሁሉ ትክክለኛው ነገር ነበር የተባለው ለምንድን ነው? በአንድ አንቀጽ መልሱ።

3. በአራተኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን «መሆኑን አስረዳ» ወደ «እንደሆነ ይናገራል» በመለወጥ የትርጉሙን ልዩነት ለጎረቤታችሁ በቃል አስረዱ።

4. «ዐባይ ከጣና ሐይቅ እንደሚወጣ ይባላል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምን ጉድለት አለበት? አስተካክላችሁ ጻፉት።

5. አራት አራት ሆናችሁ በዚህ ሴሚስተር ከምትማሩት የሳይንስ ወይም የታሪክ ርእስ አንዱን ምረጡ። ሁለት ቪዲዮዎች ፈልጉና ሁለቱንም ካያችሁ በኋላ ስልኩን ዘግታችሁ የተረዳችሁትን በጽሑፍ አስፍሩ። ቀጥሎም ከሁለቱ የመረጣችሁትን በሚመለከት ከ150 ያላነሰ ቃል ያለው ዘገባ ጽፋችሁ፣ ለክፍል ከምታሳዩበት ዕለት ሦስት ቀን አስቀድማችሁ ለርእሱ መምህር አስረክቡ።